ሴንሰሩ ሳይሆን ሽቦው ነበር፦ ለአንዲት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ምስጋና

ሰላም ወገኖች። ዛሬ የምጽፈው አንዲት ልጅን ለማመስገን ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት። ሦስት ወር ሙሉ ያንገላታኝን ችግር በአንድ ጠዋት አገኘችው፤ ያውም አንድም ዕቃ ሳታስገዛኝ። እንዲህ ያለ ሰው አግኝቶ ዝም ማለት ደግ አይደለም። ጽሑፉ ረዘም ይላል። "ጎበዝ ናት፣ ሂዱ" ብዬ ብቻ ባልፍ ምን እንደሠራች አይገባችሁም፣ እኔ ደግሞ እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጠዋት ጠዋት መኪናው ቶሎ አይነሳም። ሲነሳም ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተሩ ዙር) ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ቡን ይላል፣ የቤንዚኑ ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል። የጭስ ማውጫውን ጫፍ በጣቴ ጠረግ ሳደርገው ከሰል የነካሁ ነው የሚመስለው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ይበቃው የነበረው መኪና ወደ 9 ተኩል ወጣ። የቼክ ኢንጂን መብራቱም አንድ ቀን ይበራል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ኮረኮንች ላይ ሲሆን ይብሳል። ይቺን የኮረኮንቿን ነገር ያዙልኝ። ለገባሁበት ሁሉ ነግሬያለሁ፣ ልብ ያላት ግን አልነበረም።

መጀመሪያ ነዳጁን የሚለኩሰው ካንዴላ ተቀየረ። አሮጌዎቹ ጫፋቸው በጥላሸት ጠቁሮ ስለነበር ይሄ ነው ተባለ፤ አዲሶቹም በወሩ ጠቆሩ። ቀጥሎ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ታጠበ። ቀጥሎ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ተሰካና ፒ0172 የሚል ኮድ ወጣ፤ ድብልቁ ነዳጅ በዝቶበታል ማለት ነው። የጭሱን ኦክስጅን እያየ ነዳጅ መብዛት ማነሱን የሚናገረው ኦክስጅን ሴንሰር ተቀየረ። ከዚያ ደግሞ ፒ0113 ወጣ። ይሄኛው የአየር ሙቀት ሴንሰር ነው፣ ቀላል ነው ተባልኩና ተቀየረ። መብራቱ ጠፋ፣ ደስ አለኝ፣ በሳምንቱ ተመልሶ በራ። "የገዛኸው ዕቃ ኦሪጅናል ስላልሆነ ነው" ተብዬ ሌላ ገዛሁ። እሱም ያው። የሠሩልኝን ሰዎች ስም አላነሳም፣ ለመውቀስም አልጻፍኩም። ግን ሁሉም የሠሩት ነገር አንድ ነው፤ ኮዱን አነበቡ፣ ኮዱ የጠራውን ዕቃ ቀየሩ። የለካ አንድ ሰው አልነበረም።

እሷን የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ደወልኩላትና ታሪኩን ከነኮዱ ነገርኳት። ዋጋ አልጠራችም፣ "ይሄማ እንዲህ ነው" ብላም አልቸኮለችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ጋሼ፣ መኪናው እኔ ጋ ማደር ይችላል? ጠዋት ሳይነሳ፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ላየው እፈልጋለሁ።" እስከዚያ ቀን መኪናው ቀዝቅዞ መታየት አለበት ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ጋ የደረስኩት ነድቼ፣ በጋለ ሞተር ነው።

ማታ አስገባሁት። ጠዋት ስመጣ ስካነሯን ሰክታ እየጠበቀችኝ ነበር። ሞተሩን አላስነሳችም፣ ቁልፉን ብቻ ከፈተች። "ይምጡ ጋሼ፣ አብረን እንየው" አለችኝ። ሁለት ቁጥር አሳየችኝ። የሞተሩ ውሃ ሙቀት 21 ዲግሪ። የሚገባው አየር ሙቀት ደግሞ ከዜሮ በታች 2። አጠገባችን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር 21 ነው የሚለው። እኔ ሸሚዝ በሸሚዝ ነኝ፣ መኪናዬ ግን በረዶ ላይ የቆመ መስሎታል።

"መኪና ሌሊቱን ሙሉ ሲቆም ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ይደርሳል" አለችኝ። ውሃው፣ አየሩ፣ ብረቱ፣ ውጭው። ስለዚህ ጠዋት ላይ ሁለቱ ሴንሰሮች ተቀራራቢ ቁጥር መስጠት አለባቸው፤ ጥቂት ዲግሪ ቢለያዩ ችግር የለውም። 23 ዲግሪ ከተለያዩ ግን አንዱ ይዋሻል። ሞተር ከጋለ በኋላ ይሄን ማወቅ አይቻልም፣ ውሃው 90 ሲሆን አየሩ ስንት መሆን እንዳለበት በምን ታውቃለህ? እውነቷን ነው። ሦስት ወር የሮጥኩበት ነገር በሁለት ቁጥር ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

ይሄ ሴንሰር ለምን ይህን ያህል እንደሚያንገላታም አስረዳችኝ። ቀዝቃዛ አየር እፍግ ያለ ነው። በባሕር ጠለል ግፊት አንድ ሜትር ኩብ አየር በ0 ዲግሪ 1.29 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በ40 ዲግሪ ግን 1.13 ገደማ። የሞተሩ ኮምፒውተር ደግሞ ነዳጅ የሚረጨው በአየሩ ክብደት ልክ ነው፤ ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር። አንዳንድ መኪና የሚገባውን አየር በቀጥታ የሚመዝን ሴንሰር አለው፤ እነሱ ላይ የሙቀት ሴንሰሩ ቢሳሳትም ጉዳቱ ያን ያህል አይከፋም። የእኔ መኪና ግን እሱ የለውም። ግፊቱን ለክቶ፣ ሙቀቱን ለክቶ፣ ክብደቱን በሂሳብ ነው የሚያወጣው። ሙቀቱ ውሸት ከሆነ ሂሳቡ በሙሉ ውሸት ነው። አየሩ በረዶ ነው ብሎ ካመነ ነዳጅ ይጨምራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ኦክስጅን ሴንሰሩ ትርፉን አይቶ ያስቀንሰዋል፤ ስካነሩም ላይ ኮምፒውተሩ ነዳጁን 14 በመቶ እየቀነሰ እንደሚሠራ አሳየችኝ። ጠዋት ግን ኦክስጅን ሴንሰሩ ገና አልሞቀም፣ ስለዚህ የሚያርም የለም። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት የሚብሰው። ጥቁሩ ጭስም፣ የጠቆረው ካንዴላም ከዚሁ የመጣ ነው። የቀየርኩት ኦክስጅን ሴንሰር እኮ ጤነኛ ነበር፤ ነዳጅ በዝቷል እያለ እውነቱን ነበር የሚናገረው።

እዚህ ላይ "እንግዲያው ሴንሰሩ ነዋ፣ ቀይሪው" አልኳት። ሳቅ ብላ "ሁለት ጊዜ ተቀይሯል አላሉኝም ጋሼ? ኮድ ሰፈሩን ነው የሚነግረን፣ ቤቱን አንኳኩቶ ማግኘት የእኛ ሥራ ነው" አለች።

ከዚያ ማንኳኳት ጀመረች። የሴንሰሩን ሶኬት ነቀለችና ቴስተሯን ሴንሰሩ ላይ አደረገች። 2.4 ኪሎ ኦም። ውስጡ ያለው ነገር ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ (በኦም የሚለካው፣ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ) ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ለእኔ መኪና ዓይነት የሚሆነው ሰንጠረዥ ስልኳ ላይ ነበር፦ በ20 ዲግሪ 2.5 ኪሎ ኦም ገደማ፣ በ0 ዲግሪ 6 ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ በ80 ዲግሪ 300 ኦም አካባቢ። 2.4 ማለት 21 ዲግሪ ማለት ነው። ሴንሰሩ እውነቱን ነው የሚናገረው! በዚህ አልበቃትም። የፀጉር ማድረቂያ አመጣችና ከራቅ ብላ ሞቅ ሞቅ አደረገችው። ቁጥሩ ሳይዘልል፣ ሳይቆራረጥ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ስታጠፋው ቀስ እያለ ተመለሰ። "ውስጡ የተሰነጠቀ ቢሆን እዚህ ላይ ይዘልል ነበር" አለች።

መጀመሪያ የወጣው አሮጌው ሴንሰር ኪሴ ውስጥ ነበር፣ አልጣልኩትም። ለካችው። እሱም ደህና ነው።

አሁን የቀረው ሽቦው ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቀደም ሲል ሴንሰሩን የቀየረልኝ ሰው ሶኬቱን ለክቶ "5 ቮልቱ ይመጣል፣ ሽቦው ሰላም ነው" ብሎኝ ነበር። ነገርኳት። "ልክ ነው፣ ይመጣል" ብላ ለክታ አሳየችኝ፤ ወደ 5 ቮልት ነው። "ግን ይሄ ምንም አያረጋግጥም" አለችኝ። ከዚህ ሁሉ የበለጠ የተማርኩባት ቦታ ይቺ ናት፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይባት።

የውሃ ቱቦ አስቡ። መሃሉ ላይ ተጣሞ ታንቋል። ጫፉ ላይ ያለው ቧንቧ ዝግ ሲሆን ግፊቱ ጫፉ ድረስ ሙሉ ነው፣ በጣት ብትይዙት ይገፋል። ቧንቧውን ስትከፍቱት ግን ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ሽቦም እንዲሁ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ቴስተር ብቻ ሲሰካ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፣ ስለዚህ ሽቦው ሊበጠስ የደረሰ ቢሆንም 5 ቮልቱ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ሴንሰሩ ሲሰካና ሲሠራ ነው መታነቁ የሚለየው። በሽቦው ላይ ያለው ተጨማሪ ሬዚስታንስ ደግሞ ከሴንሰሩ ጋር ይደመራል። ኮምፒውተሩ የሚያየው ድምሩን ነው። ሬዚስታንስ ሲበዛ ደግሞ ለእሱ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ብርድ። ከዜሮ በታች 2 ያለው ለዚህ ነው። ሽቦው ጭራሽ ሲላቀቅ ከዜሮ በታች 40 ይላል፣ ሶኬቱን ስትነቅል ስካነሩ ላይ የሚመጣው ቁጥር ያ ነው፣ ፒ0113 የሚመጣውም ያን ጊዜ ነው። ኮረኮንቹ ላይ የሚሆነው ይሄ ነበር። መኪናው ሲንገጫገጭ ሽቦው ይላቀቃል፣ መብራቱ ይበራል፤ ሲረጋ መልሶ በመጠኑ ይነካካል፣ መብራቱ ይጠፋል። መብራቱ ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ በዓለም ላይ ያለ ሙቀት ነው፣ ኮምፒውተሩ አይጠረጥርም።

ይሄን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ በዓይኔ አሳየችኝ። ትንሽ ሽቦ ቆርጣ የሶኬቱን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አገናኘች። ጤነኛ ቢሆን ሬዚስታንስ የለም ማለት ስለሆነ ስካነሩ ከ100 ዲግሪ በጣም በላይ መዝለል ነበረበት። የእኔ 9 ዲግሪ ላይ ቆመ። ሴንሰሩ በመንገዱ ላይ የለም፣ ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ግን አሁንም ብርድ ነው ይላል። ጥፋተኛው ሽቦው ለመሆኑ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ከሁለቱ ሽቦዎች፣ ለኮምፒውተሩ መልእክቱን ከሚያደርሰው የሲግናል ሽቦና ከመመለሻው፣ የትኛው? የሲግናሉን ጫፍ ብቻ ይዛ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር አገናኘችው። ስካነሩ ወዲያው 140 ውስጥ ገባ። የሲግናሉ ሽቦ ንጹህ ነው። የቀረው የመመለሻው ሽቦ ነው። እሱ ደግሞ ከሌሎች ሴንሰሮች ጋር የጋራ ነው። የውሃው ሴንሰር በትክክል እያነበበ ስለሆነ የጋራው ክፍል ደህና ነው፣ ብልሽቱ ከመገንጠያው ወዲህ እስከ ሶኬቱ ባለችው አጭር ቅርንጫፍ ላይ ነው። ሳትቆርጥ፣ ሳትፈታ፣ በማሰብ ብቻ ቦታውን ወደ አንድ ክንድ አጠበበችው።

የሽቦውን መጠቅለያ ፈታ በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ እያለች ከሶኬቱ ጀምራ ሳብ ሳብ አደረገችው። አንድ ቦታ ላይ፣ ከሶኬቱ ጣት በማይሞላ ርቀት፣ ሽቦው እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። "ይኸውልዎት" አለች። ውስጡ መዳብ ያለው ሽቦ አይለጠጥም፣ የሚለጠጠው ፕላስቲኩ ብቻ ሲቀር ነው። ልባሱን በምላጭ ስትከፍተው አረንጓዴ ዱቄት ወጣ። መዳቡ ተበልቶ አልቋል። ሁለት ወይም ሦስት ክር ብቻ ነው የቀረው፣ እነሱም ጠቁረዋል። ያን አረንጓዴ ዱቄት ጥፍሯ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ሦስት ወር፣ ይህን ያህል ዕቃ፣ ለዚህች።

ምክንያቱንም አልተወችውም። ሴንሰሩ የተሰካው ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ጎማ ላይ ነው። ፊልትሮ በተቀየረ ቁጥር ክዳኑ ሲነሳ ሽቦው አብሮ ይጎተታል። ማቀፊያው ወልቆ ስለነበር ሽቦው ያለ ትርፍ ተወጥሮ ነው የቆየው። መጀመሪያ ክሮቹ አንድ በአንድ ተበጠሱ፣ ልባሱ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ እርጥበት ገባና ቀሪውን በላው። እባካችሁ ፊልትሮ ስታስቀይሩ ሶኬቱ በመቆለፊያው ተጭኖ ይነቀል፣ በሽቦው አይጎተት።

አሠራሯ ንጹህ ነው። የተበላውን እስከ ጤነኛው መዳብ ድረስ ቆርጣ አወጣች። አዲስ ሽቦ በትርፍ ርዝመት ቀጠለች፣ በየደች፣ ሙቀት ሲነካው የሚጨመተር ልባስ አለበሰችው፣ ማቀፊያውንም መለሰች። ኦሪጅናሉን ሴንሰሬን አስገብታ አዲሱን "መጠባበቂያ ይሁንዎት" ብላ በእጄ ሰጠችኝ። ቁልፉ ሲከፈት ውሃው 22፣ አየሩ 22። ሽቦውን ይዛ አወዛወዘችው፣ ቁጥሩ አልነቃነቅ አለ። ኮዱንም፣ ኮምፒውተሩ በስህተት የተማረውን የነዳጅ ማስተካከያም አጠፋችና መኪናውን ይዘን ያን ኮረኮንች ዞርን።

ስንመለስ አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቀችኝ። የጋለ ሞተር አጥፍተህ ጥቂት ቆይተህ ስታስነሳ የአየሩ ሙቀት 50 እና ከዚያ በላይ ሊያሳይ ይችላል። የሞተሩ ግለት ወደ ላይ ስለሚመጣ ነው፣ መንዳት ስትጀምር ይወርዳል፣ አትደንግጥ። እሷ ባትነግረኝ በማግስቱ ደንግጬ እደውልላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አምስት ሳምንት ሆኖታል። በሳምንቱ "ይምጡና እንየው" ብላ ራሷ ደወለች። የነዳጅ ማስተካከያው ከ14 በመቶ ወደ 2 በመቶ ወርዷል። ለዚህ ምንም አላስከፈለችኝም። ጠዋት በመጀመሪያው ይነሳል። ፍጆታው ወደ 8 ሊትር ተመልሷል። ሽታው የለም። መብራቱም አልተመለሰም።

እህቴ፣ ይሄን የምታነቢ ከሆነ ከልቤ አመሰግናለሁ። እጅሽ ይባረክ። ችግሬን ስላገኘሽ ብቻ አይደለም። ከመቀየርሽ በፊት ስለለካሽ፣ እያንዳንዱን ነገር በዓይኔ ስላሳየሽኝ፣ "ጋሼ፣ ገባዎት?" ብለሽ እስኪገባኝ ስለደገምሽልኝ ነው። ሌላ ሴንሰር ሸጠሽልኝ ብትሸኚኝ ምን አውቃለሁ? በምን እጠረጥርሻለሁ? አላደረግሽውም።

ለምትሄዱ ሰዎች አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ። የምትሠራው አንድ መኪና በአንድ ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ቀጠሮ ያስጠብቃል፤ እኔ ስድስት ቀን ጠብቄያለሁ። ዛሬውኑ ካልሆነ ለሚል አትሆንም። የሞተርና የማርሽ ሥራ አትሠራም፣ የኤሌክትሪክና የሴንሰር ብቻ። ስትደውሉ "ኮዱ ይሄ ነው" ብላችሁ አትጨርሱ። መቼ እንደሚብስ፣ ጠዋት ነው ወይ ከሰዓት፣ ሲንገጫገጭ ነው ወይ ሲቆም፣ ቀድሞ ምን እንደተቀየረ፣ ሁሉንም ንገሯት። ትሰማለች። የተቀየረላችሁን አሮጌ ዕቃም አትጣሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አላወጣም፣ ሳላስፈቅድ አይሆንም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት እሰጣችኋለሁ። መኪናውን ደግሞ ማታ አስገቡላት።